በቤት ውስጥ የምጠቀምበት የአይፒኤል ፀጉር መቀነሻ፦ ለየትኛው ቆዳ ይሆናል?

ዓመት ሊሞላው ነው። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ የላከችልኝን አይፒኤል የሚባል፣ በኃይለኛ የብርሃን ብልጭታ ፀጉር የሚቀንስ ማሽን ለእግሬ፣ ለክንዴና ለብብቴ እየተጠቀምኩበት ነው። ጎንደር ውስጥ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ልጻፈው ብዬ ነው።

ይሠራል። ግን ለሁሉም ሰው አይደለም።

ሌዘር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። ሌዘር አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ነው የሚለቀው፤ ይሄኛው እንደ ካሜራ ፍላሽ ብዙ ዓይነት ብርሃን በአንዴ ይረጫል። ሐሳቡ ግን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች እንዳሳዩት፣ ብርሃኑ በትክክል ከተመረጠና በጣም ባጭሩ ከተለቀቀ የተፈለገውን ነገር ብቻ አሙቆ ዙሪያውን ይተወዋል። የሚፈለገው ፀጉሩ ውስጥ ያለው ሜላኒን የሚባለው ቀለም ነው። ችግሩ ቆዳችንም ሜላኒን አለው፤ ጠቆር ባለ ቁጥር ብርሃኑ የፀጉሩ ሥር ሳይደርስ ላይ ይቀራል፣ እዚያው ሙቀት ይሆናል፣ ከበዛ ያቃጥላል፣ ሲድን ደግሞ ወይ ጠቁሮ ወይ ነጥቶ ለወራት የሚቆይ ምልክት ይተዋል። አንዲት ጓደኛዬን ሳሎን ውስጥ ስለ ቆዳዋ አንድም ነገር ሳይጠይቁ ሠርተውላት እግሯ ላይ መስመር መስመር ሆኖ ቀርቷል። በጣም ነው ያናደደኝ።

ለዚህ ነው የዚህን ማሽን የቆዳ ቀለም መለኪያ ከምንም በላይ የወደድኩት። ከጠቆረበት ቀይ መብራት አብርቶ ብርሃን አይለቅም። እኔ ቀይ ዳማ ነኝ፣ ዝቅ ባለው ደረጃ እሠራለሁ። ታናሽ እህቴ ጠይም ናት፣ እሷ ላይ አንዴም አልሠራም። «ተበላሽቷል» አለች። አልተበላሸም፣ እያዳናት ነው። መለኪያውን ማታለያ ዘዴ የምትፈልጉ እባካችሁ ተዉት። ለጥቁር ቆዳ የተሻለው የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ የሚባለው የሌዘር ዓይነት ነው፤ ያንን ሞገድ ሜላኒን ብዙም አይመጠውም። እሱ ግን የቆዳ ሐኪም ሥራ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

ፀሐይም ዋጋ አላት። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ከተራና ጥምቀትን ፋሲለደስ መዋኛ ስንውል ክንዴ ጠቆረና ማሽኑ እምቢ አለ፤ ቀለሜ እስኪመለስ ሳምንታት ጠበቅሁ። መጀመር የምትፈልጉ ክረምት ላይ ጀምሩ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ እየወሰዳችሁ ከሆነ ደግሞ ቆዳን ለብርሃን ስስ ስለሚያደርግ ሐኪም ሳትጠይቁ አትንኩት።

ውጤቱ? ብብቴ በጣም ሳስቷል፣ ምላጭ ረስቻለሁ ማለት ይቻላል። እግር ይዘገያል። ብርሃኑ የሚነካው በእድገት ላይ ያለውን ፀጉር ብቻ ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ መደጋገም ግድ ነው፣ ካቆሙት ቀስ ብሎ ይመለሳል። ሽበት ላይ አይሠራም። አገጬን አልነካም፤ ፊትና አንገት ላይ አንዳንድ ሴቶችን ጭራሽ ፀጉር እንደሚያበዛባቸው በጥናት ታይቷል።

ክንዴ ላይ የምጣድ እንፋሎት የተወው ጠባሳ አለ፣ እሱን እዘለዋለሁ። ደስ የሚለኝ ግን ለቃጠሎ ጠባሳም ብርሃን መድኃኒት እየሆነ መምጣቱ ነው። ፍራክሽናል የሚባለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ጠባሳው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ እየሠራ የደረቀውን ቆዳ ያለሰልሳል፣ የተኮማተረ መገጣጠሚያ እንኳ እንዲላላ ይረዳል። ምጣድና እሳት ስንቱን ልጅ ያቃጠለበት አገር ይሄ ሕክምና በደንብ ቢገባ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካኑ ሙሉ ካልሆነ ማሽኑን አላወጣም። ከተቃጠላችሁ ወዲያው 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። በረዶ አይደረግ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሚባለውን ተዉት። ውሃ ከቋጠረ ሳታፈርጡ ሐኪም ቤት ሂዱ።