የቦረና የከብት ኢንሹራንስ፦ ሳትገዛ በፊት ይህን እወቅ

ከብቴ በድርቅ ካለቀ መንግሥት ካሳ ይከፍለኛል ብለህ የምትጠብቅ ከሆነ እርሳው። መሬት ለመንገድ ሲወሰድ ካሳ አለ፤ በድርቅ ላለቀ ከብት ግን ያለው እርዳታ ነው፣ እሱም ከመጣ። ካሳን የሚመስል ነገር ካለ ከ2004 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ቦረና ላይ የሚሸጠው የእንስሳት ኢንሹራንስ ነው። አጎቴ ደንበኛ ነው፣ ወረቀቱን የማነብለት ደግሞ እኔ ነኝ።

ማንም መጥቶ ከብት አይቆጥርም። ሳተላይት የአካባቢውን ግጦሽ ልምላሜ ያያል፣ ካለፉት ዓመታት ጋር ሲተያይ በጣም ከወረደ ለገዛው ሁሉ ይከፈላል። ያንተ ላም ሞተች አልሞተች የሚጠይቅህ የለም። ይሄ ደስ ይላል። ቀበሌ አስመስክር፣ ሐኪም አስፈርም የሚባል ጣጣ የለም፤ በዚያ ሜዳ እየዞረ የሞተ ከብት የሚቆጥር ሠራተኛ ቢቀጠርማ አረቦኑን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍለውን፣ ማን ይችለዋል?

ችግሩ ሲሸጥ በደንብ አይነገርም። አጎቴ በበሽታ የሞተች ላሙን ቆዳ ይዞ ኢንሹራንሱን የሸጠለት ወኪል ጋ ሄደ። ወኪሉ አፍሮ፣ "አባባ፣ እኛ የምንከፍለው ለሳሩ ነው እንጂ ለላሟ አይደለም" አለው። "ታዲያ ስትሸጥልኝ ላም ላም ስትል አልነበር?" ብሎት ቆዳውን ተሸክሞ ተመለሰ። እውነቱን ነው። በሽታ፣ አውሬ፣ ስርቆት አይካተትም፤ ይሄ ገንዘብ ከመቀበል በፊት በአፍ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

ሌላ ደግሞ አለ። ሳተላይቱ አረንጓዴ ያያል እንጂ የምን አረንጓዴ እንደሆነ አይለይም። ቦረናን ቁጥቋጦ እየወረሰው ነው። ግራሩ ቅጠል አውጥቶ ሥሩ አንድ ዘለላ ሳር ላይኖር ይችላል። ግመልና ፍየል ይቀጥፉታል፣ ላም ግን ምን ታድርገው? ስለዚህ ከብትህ ቆሞ መሄድ አቅቶት "በዚህ ወቅት ክፍያ የለም" ልትባል ትችላለህ።

ዋጋው እንደየወረዳው ነው። ሲጀመር ላም በ5,000፣ ግመል በ15,000 ብር ተገምተው፣ አረቦኑ ያቤሎ ከግምቱ 7 በመቶ ትንሽ ሲያልፍ ሞያሌ 11 በመቶ አካባቢ ነበር። ድርቅ የሚደጋገምበት ሰው የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው፤ ለኢንሹራንስ ሰዎች ልክ ይሆናል፣ ለሞያሌ ሰው ግን አይዋጥም። መንግሥት መግባት ያለበት እዚህ ጋ ይመስለኛል። ኬንያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመረጡ ችግረኛ ቤተሰቦች ሙሉ አረቦኑን መንግሥት ይሸፍን ነበር። እኛም ጋ ሶማሌ ክልል በ2018 እ.ኤ.አ. ከሴፍቲኔት ጋር የተያያዘ ተመሳሳይ ነገር ተጀምሯል።

ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ካልከኝ፣ ግዛ። ለሁሉም ሳይሆን ለጥቂት ላሞች። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አምስት ዝናብ ተከታትሎ ሲቀር ቦረና ምን እንደሆነ ያየ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ገንዘቡ መንጋ አይመልስም፤ በጊዜ ከደረሰ ግን ለተረፉት መኖ ይገዛል። ሽያጩ ከሁለቱ ዝናብ በፊት፣ በጥርና በየካቲት፣ ከዚያ በነሐሴና በመስከረም አካባቢ ነው፤ ዝናቡ መቅረቱን አይተህ ብትሄድ አይሸጡልህም። ደረሰኝህን ተቀበል፣ የተመዘገበልህ ወረዳ ከብትህ የሚግጥበት መሆኑንም እዚያው ቆመህ አስነብብ።