የጠብታ መስኖ ከአንድ ዓመት በኋላ፦ ለቲማቲም አዎ፣ ለሽንኩርት ገና

መቂ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት አለማለሁ። ውሃዬ የጉድጓድ ነው። በቤንዚን ሞተር እየሳብኩ በቦይ ሳጠጣ ነው የኖርኩት። ዓምና ለ1,000 ካሬ ሜትር የሚበቃ የጠብታ መስኖ ዕቃ ገዛሁ፤ 2,000 ሊትር ሮቶ፣ ፊልተር፣ ዋና ቱቦና በየ30 ሳንቲሜትሩ የሚያንጠባጥብ ቀጭን ጥቁር ጎማ። «ያዋጣል ወይ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፍ።

ለቲማቲም ያዋጣል። በደንብ ያዋጣል።

ሻጮች ሁልጊዜ የሚያወሩት ስለ ውሃ ቁጠባው ነው። እውነታቸውን ነው። በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) መመሪያ መሠረት በቦይ ከሚለቀቀው ውሃ ለተክሉ የሚደርሰው 60 በመቶ ያህሉ ነው፤ በጠብታ ግን ወደ 90 በመቶ ይጠጋል። ሞተሩ የሚሠራበት ሰዓት ስላጠረ የቤንዚን ወጪዬ ቀንሷል። ቤንዚን ጠፍቶ ወረፋ በሚታደርበት ሰሞን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን የአረሙ ነገር ነው። የሚርሰው ከተክሉ ሥር ያለው አፈር ብቻ ስለሆነ በመደዳዎቹ መካከል ያለው መሬት በጋውን ሙሉ ደረቅ ነው። እዚያ ላይ አረም ብዙም አይበቅልም። ማሳው ውሃ እየጠጣ እንኳ ሠራተኛ ገብቶ መልቀም ይችላል። በቦይ ጊዜ ጭቃው እስኪጠነክር መጠበቅ ነበረብን። የደረሰ ቲማቲም ደግሞ መጠበቅ አይወድም።

«ሮቶውን አንዴ ሞልተህ ተኛ» የሚለውን ወሬ ግን አትመኑ። ቲማቲም ፍሬ በያዘበትና ፀሐይ በከረረበት ቀን 5 ሚሊሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። በ1,000 ካሬ ሜትር ላይ ሲሰላ 5,000 ሊትር ነው። ስለዚህ ሮቶው በቀን ሁለት ጊዜ ተኩል መሞላት አለበት። ችግኙ ትንሽ ሳለ አንዴ ይበቃዋል።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ የመሬቱ ከፍታ ነው። ጎማው የተሠራው 1 ባር ለሚሆን ግፊት ነው፤ ይህ የ10 ሜትር ከፍታ ውሃ ማለት ነው። የእኔ ሮቶ ያለው ግን አንድ ሜትር ተኩል ቆጥ ላይ ነው። በዚህ ግፊት የማሳው አንድ ጥግ በግማሽ ሜትር ከፍ ካለ፣ እዚያ ጋ የግፊቱ ሲሶ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ መሬቱን ማስተካከል፣ መደዳውንም ማሳጠር የግድ ነው። የማረጋግጥበት መንገድ ቀላል ነው። አንድ የቡና ስኒ ከመደዳው መጀመሪያ፣ ሌላውን ከጫፉ ቀዳዳ ሥር አስቀምጬ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ። የጫፉ በጣም ካነሰ ወይ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ወይ ጎማው የሆነ ቦታ ታጥፏል።

ፊልተሩ የዚህ ዕቃ ልብ ነው። ወንፊቱን በየጊዜው አውጥቼ በጥርስ ብሩሽ አጥባለሁ። የሚወጣው ቡናማ ዝቃጭ ያስደነግጣል፤ ያ ሁሉ ወደ ቀዳዳዎቹ ሊገባ የነበረ ነው። የጎማዎቹንም ጫፍ ከፍቼ ውሃውን በኃይል እለቀዋለሁ። እኛ ጋ ደግሞ የጉድጓዱ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። ከወራት በኋላ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮ ታያላችሁ። እኔ የተደፈነውን ጎማ ፈትቼ ኮምጣጤ በበዛበት ውሃ አሳድረዋለሁ። አብዛኛው ይከፈታል፤ አንዳንዱ ግን አይመለስም።

ማዳበሪያ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዩሪያ በውሃ በደንብ ይሟሟል፤ በሮቶው በኩል በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ይቻላል። ኤንፒኤስ ግን ዝቃጭ ይተዋል። እሱን እንደ ድሮው አፈር ውስጥ ቅበሩት።

ጎማው ስስ ነው። አይጥ ይበላዋል፣ መኮትኮቻ ይቆርጠዋል። መቀጠያው ርካሽ ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅም፤ ግን ኪሳችሁ ውስጥ ሁልጊዜ ይኑር። ሠራተኛ ከመግባቱ በፊትም ጎማው የት የት እንዳለ አሳዩት።

ቱታ በሚባለው የቲማቲም ተባይ ላይ ምንም ለውጥ አላየሁም። ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ነውና የውሃው አሰጣጥ አያገኘውም። ክትትሉና ርጭቱ እንደነበረ ነው።

ሽንኩርት ላይ አልሞከርኩትም፤ አሁንም በቦይ ነው የማጠጣው። ሽንኩርት ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ስለሚተከል ለዚያው መሬት የሚያስፈልገው ጎማ በጣም ይበዛል። ዋጋው በአንድ ምርት በሚወድቅበትና በሚነሳበት ሰብል ላይ ያን ያህል ገንዘብ ለመቅበር አልደፍርም።

ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከሮቶው መጠን በፊት የፊልተሩን ጥራት እዩ። ወንፊቱ በእጅ የሚፈታና የሚታጠብ ይሁን፤ መለዋወጫውም እዚያው ሱቅ መኖሩን ጠይቁ። ሁለተኛ ወንፊት አብራችሁ ግዙ። አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል፣ ውሃውም አይቋረጥም። እኔ ለሚመጣው በጋ ሁለተኛ ዕቃ ልገዛ ነው፤ ለቃሪያ።