ባለ 31 ዕቃ የቆዳ ሥራ ሳጥን፦ ከ8 ወር በኋላ ምን ተረፈ?

ሳጥኑ ሲደርሰኝ 31 ዕቃ ነበረው። ዛሬ፣ ከ8 ወር በኋላ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የቀሩት 9 ናቸው። ሌሎቹ መሳቢያ ገብተዋል፤ ሁለቱ ተሰብረዋል።

ቆዳ በእጁ መስፋት ያማረው ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እንዲህ ያለ ሙሉ ሳጥን ላይ ነው። እኔም እንደዚያው። አንዱ ሳጥን በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ስሙን ልተወውና ውስጡን ላሳያችሁ። እስካሁን አራት የካርድ መያዣ፣ ሁለት የኪስ ቦርሳና አንድ ቀበቶ ሠርቼበታለሁ።

በመልካሙ ልጀምር። በመዶሻ እየተመቱ የስፌት ቀዳዳ በመስመር የሚበሱት ባለጥርስ መብሻዎች ጥሩ ናቸው። ባለ 1፣ 2፣ 4 እና 6 ጥርስ ሆነው ነው የሚመጡት። በጥርስና በጥርስ መካከል 4 ሚሊ ሜትር አለ። ለክቼ አይቻቸዋለሁ፤ ልክ ናቸው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። መስመር ሲቀጠል የመጀመሪያው ጥርስ ያለፈው ምት የመጨረሻ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ነው የሚመታው። ርቀቱ ትንሽ ከተዛባ ስፌቱ በየምቱ ያነክሳል።

ግን ጥርሶቹ ሸካራ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ድርብ ቆዳ ላይ መታሁና ልነቅለው ስል መብሻው ቆዳውን ይዞት ተነሳ። ግራና ቀኝ ስነቀንቀው ቀዳዳዎቹ ሰፉ። መፍትሔው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የጥርሶቹን ጎንና መሐል በቁጥር 600፣ ቀጥሎ በቁጥር 1000 የብርጭቆ ወረቀት አሸሁ። ከዚያ አረንጓዴ የስለት መሳያ ቅባት የተቀባ ቁራጭ ቆዳ ላይ ወለወልኳቸው። አሁን ከመምታቴ በፊት ጥርሶቹን የንብ ሰም ላይ ስክት አደርጋለሁ። ያለ ትግል ይነቀላሉ።

ከአራቱ የምጠቀምባቸው ባለ 2ቱና ባለ 6ቱ ብቻ ናቸው። ባለ 6ቱ ለቀጥታ መስመር፣ ባለ 2ቱ ለመታጠፊያ።

ወስፌውም ሲመጣ ደነዝ ነበር። በሁለቱም ጎኑ ከሳልኩት በኋላ ግን ከሳጥኑ ሁሉ የምወደው ዕቃ ሆኗል። መርፌዎቹ ምንም አይወጣላቸውም። ጫፋቸው ሆን ተብሎ ዱልዱም ተደርጓል። ቀዳዳው አስቀድሞ ስለሚበሳ መርፌ ስል መሆን የለበትም፤ ስል ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ክር ይወጋል። የናይለን መዶሻው፣ ኮምፓሱ፣ ቢላዋውና ሰሙም ሥራቸውን ይሠራሉ።

ክሩን ግን ቶሎ ቀይሬዋለሁ። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰም የተነከረ ፖሊስተር ነው። ለቀበቶ ይሆናል። ካርድ መያዣ ላይ ሲሰፋ ግን ገመድ ይመስላል። አሁን ለስስ ሥራ 0.6 ሚሊ ሜትር ክርና ባለ 3 ሚሊ ሜትር መብሻ ነው የምይዘው።

የእጅ ስፌቱ ራሱ ግን እንዴት ደስ ይላል! አንድ ክር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት መርፌ። ሁለቱም መርፌዎች በአንዱ ቀዳዳ ከተቃራኒ አቅጣጫ ያልፋሉ። ክሩን የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ አድርጌ ነው የምቆርጠው። አንድ ማታ ጥንካሬውን ልፈትን ብዬ ቁራጭ ቆዳ ሰፋሁና መሐል ላይ አንዷን ስፌት በምላጭ በጠስኳት። ጎተትኩት፤ ጎረቤቶቿ ንቅንቅ አላሉም። በመኪና ስፌት የላይና የታች ክር ቆዳው መሐል ነው የሚቆላለፉት። አንዱ ሲበጠስ ሌላው የሚይዘው ያጣና ስፌቱ እየተፈታ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ሳጥኑ መስፋት ያስተምራል፤ ጠርዝ መጨረስ ግን አያስተምርም። የቆዳ ሥራን ደግሞ ከቤት ሙከራ ወደ ጥሩ ዕቃ የሚያሻግረው ጠርዙ ነው።

ከሳጥኑ ጋር ሁለት ቁራጭ ቆዳ ይመጣል። ልስልስ ያለ፣ ሲነኩት ደስ የሚል። የመጀመሪያውን የካርድ መያዣ ከእሱ ሠራሁ። ጠርዙን ውሃ ቀብቼ በማለስለሻው እንጨት ማሸት ጀመርኩ። አርባ ደቂቃ አሸሁ። ክንዴ ዛለ። ጠርዙ እንደ ስፖንጅ እየተጨቆነ ይመለሳል እንጂ አይለሰልስም። ጥፋቱ የእጄ ነው ብዬ አዘንኩ። ሁለተኛውንም በዚያው አበላሸሁት።

ጥፋቱ የእጄ አልነበረም። ቆዳው ክሮም በሚባል የማዕድን ጨው የለፋ ነው። ዓለም ላይ ካለው ቆዳ አብዛኛው እንዲህ ነው የሚለፋው፤ ፈጣን ነው፣ ቆዳውም ልስልስና ውሃ የሚችል ይሆናል። ጠርዙ ግን በውሃና በፍትጊያ አይጠቀጠቅም። የሚያዋጣው የጠርዝ ቀለም ነው፦ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ እንደገና መቀባት። በውሃ የሚለሰልሰው በዛፍ ቅርፊት የለፋ ቆዳ ነው። የቆዳው የውስጥ ጭረት ውሃ ሲነካው ይላላል፣ ፍትጊያው ሲያሞቀው ይተኛል፣ ሲደርቅ እንደተኛ ይቀራል። የሳጥኑ መመሪያ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። ለጀማሪ ለስላሳ ጠርዝ መሥሪያ እንጨት ሰጥቶ፣ ሊለሰልስ የማይችል ቆዳ አብሮ ማሸግ ልክ አይደለም። ስንቱ ሰው በዚህ ተስፋ ቆርጦ ሳጥኑን ዘግቶ ይሆን?

ጠርዝ መላጫውም እንደዚያው። ሥራው የቆዳውን ሹል ማዕዘን በቀጭኑ ልጦ ማንሳት ነው። የኔው አልላጠም፤ ቀደደ። ሁለቴ ሳልኩት፣ ብረቱ ስለት አይዝም። ሌላ ቁጥር 2 መላጫ ገዛሁ። ልዩነቱ የሚታወቀው በሚወጣው ልጣጭ ነው። የድሮው ብጥስጥስ ያለ ብናኝ ያወጣ ነበር፤ አዲሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጭን ክር ያወጣል።

ከዚያ በኋላ ነው ቀበቶውን የጀመርኩት። በቅርፊት የለፋ ቆዳ፣ ሁለት ድርብ፣ ተደምሮ 3.5 ሚሊ ሜትር። ማስቲሹን ሁለቱም ፊት ላይ ቀብቼ እጅ እስኪለቅ ጠበቅኩ፣ አጣበቅኩ፣ ሰፋሁ። ጠርዙን ላጥኩና በቁጥር 220፣ 400፣ ከዚያ 800 አሸሁት። በእርጥብ ስፖንጅ ነካ ነካ አደረግኩት፤ እንዲርስ እንጂ እንዲበሰብስ አይደለም። ትራጋካንት የሚባለውን የቁጥቋጦ ሙጫ በጣቴ ስስ አድርጌ ቀባሁና እንጨቱን ያዝኩ። እሱንም መጀመሪያ ቦዮቹን አለስልሼዋለሁ፤ ሲመጣ ስንጥር ነበረው።

መጫን አያስፈልግም። ፍጥነት ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ እንጨቱ ይንተፋተፋል፣ ቆዳው ይይዘዋል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ይለወጣል። ፍትጊያው ፉጨት ይሆንና እንጨቱ ይንሸራተታል። ጠርዙ ይሞቃል፣ ይጠቁራል፣ በሁለቱ ቆዳ መሐል ያለችው ቀጭን መስመር ትጠፋለች። በመጨረሻ ሰም አስነክቼ በሸራ ጨርቅ ወለወልኩት።

ቀበቶውን ለአባዬ ነበር የሠራሁት። ሲቀበለኝ ዘለበቱንም ስፌቱንም አላየም። አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ አሳርፎ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደው።

«ልጄ፣ መጋጠሚያው የት ጋ ነው?» አለኝ።

ስለ ቀሪዎቹ ዕቃዎች ብዙ የምለው የለም። የፊደል ማተሚያዎቹን አንዴም አልነካኋቸውም። የጣት መከላከያዎቹ ሰፊ ናቸው። የማስቲሽ መቀቢያው ተሰበረ፤ ቁራጭ ካርቶን ከሱ ይሻላል። የስፌት መስመር የሚፍቀውን ዕቃ ስስ ቆዳ ላይ ባትጠቀሙበት እመክራለሁ። ጠንካራውን የላይኛውን ፊት ይበላዋል። በኮምፓስ ጫር ማድረግ ይበቃል።

ከ5 ብትጠይቁኝ 3 እሰጠዋለሁ። ሦስቱም ለመብሻዎቹ፣ ለወስፌውና ለመርፌዎቹ ናቸው። ዛሬ ብጀምር ሳጥኑን አልገዛም። ባለ 2 እና ባለ 6 መብሻ፣ ወስፌ፣ ዱልዱም መርፌ፣ 0.8 ሚሊ ሜትር ክር፣ ስለት የሚይዝ ጠርዝ መላጫና በቅርፊት የለፋ አንድ ቁራጭ ቆዳ ለየብቻ እገዛለሁ። ሳጥኑ ቀድሞ እጃችሁ ከገባ ደግሞ ምንም ሳትሰፉ አንድ ማታ ስለቱን ሳሉ፤ አብሮ የመጣውን ቆዳ ለመብሳት ልምምድ ብቻ አድርጉት። ጠርዙን ለማለስለስ አትልፉ።