የሒሳቡን መምህር እግዜር ይስጣቸው፣ የኬሚስትሪውን ግን ብሬን መልሱልኝ

ልጄ የ2017 ዓ.ም. ማትሪክ ተፈታኝ ነበረች፤ ናቹራል። ምኞቷ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው። እኔ የሕንፃ ኤሌክትሪሺያን ነኝና ከኔ ሳይጋባባት አልቀረም። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ቅዳሜና እሁድ ስለተማረችበት ቱቶሪያል የሚጠይቀኝ ወላጅ ስለበዛ ያየሁትን ልጻፍ። ስሙን አልጠራም፤ የሰፈራችን ሰው ያውቀዋል። ክፍያው በወር 2,400 ብር ነው፣ ሃንድአውት ለብቻው ይከፈላል።

ስናስመዘግባት የድሮ ፈተና ጥራዝ አሸክመው ሥሪ የሚሏት መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን መጀመሪያ ፈተኗት። አራት የፊዚክስ ጥያቄ ብቻ፣ ምርጫ የሌለው፣ አሠራሩ ተጽፎ የሚታይ። ወረቀቱን ጠርተው አሳዩኝ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ 1 ኦም፣ 6 ኦምና 3 ኦም በፓራለል ተያይዘውበታል፤ ከባትሪው ስንት አምፒር ይወጣል? (1 ኦም የውስጥ ሬዚስታንስ ያለው የመኪና ባትሪ ሞተር አያስነሳም፤ ይሁን፣ የመጽሐፍ ባትሪ ነው።) ልጄ ፎርሙላውን አልሳተችም፤ በፓራለል የተያያዘ ሬዚስታንስ የሚደመረው በግልባጩ፣ በክፍልፋይ ነው። አንድ ስድስተኛና አንድ ሦስተኛን ስትደምር ግን ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምራ ሁለት ዘጠነኛ አለች። 4 አምፒር መሆን የነበረበት 2.18 ሆኖ ቁጭ አለ። የሒሳቡ መምህር ኤክስ አላደረጉባትም። ያቺን ሁለት ዘጠነኛ ብቻ በቀይ ከበቧትና «ጋሼ፣ ልጅዎን ፊዚክስ አልከበዳትም፤ ክፍልፋይ ነው የጎደላት» አሉኝ።

እኛ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ «ፊዚክስ አይገባትም» ስንል ከርመናል!

የመጀመሪያውን ስድስት ሳምንት ሒሳብ ብቻ አስተማሯት፤ ክፍልፋይ፣ ኢኩዌሽን፣ ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ ቬክተር። እሷማ አኮረፈች፤ «አባዬ፣ ጓደኞቼ የ2016ን ፈተና እየሠሩ እኔ ክፍልፋይ?» አለችኝ። እኔም በሆዴ ፈርቼ ነበር። በ2014 ከተፈተነው ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑን የሰማ ወላጅ እንዴት ይተኛል? ታኅሣሥ ላይ ያንኑ የባትሪ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይረው ሰጧት፤ ቡና እስኪፈላ ጨርሳ ሰጠችኝ። ለዚህ ብቻ የከፈልኩት አይቆጨኝም።

ሌላው የወደድኩት ዳይሬክተሩ ወላጅ ሰብስበው በግልጽ ማስረዳታቸው ነው። ልጄ «ኢንጂነር ለምሆነው ባዮሎጂ ምን ያደርግልኛል?» ብላ ትታው ነበር። ማለፊያው ከ600 300 ነው፤ ባዮሎጂም እንደ ሒሳቡ ከመቶ ነው የሚታረመው፤ የሚታየው ድምሩ ነው። ኢንጂነሪንግን የሚያስቡት ደግሞ ገና የፍሬሽማኑን ትምህርት ከተወጡ በኋላ ነው። ይህን ከሰማች ወዲያ የባዮሎጂ ደብተሯ አቧራው ተራገፈ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የኬሚስትሪ መምህር በስምንት ወር ሦስት ጊዜ ተቀየረ። አዲስ የመጣው ሁሉ ከሞል ይጀምራል። ሞልን ሦስቴ ተምራ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ሳታይ ሰኔ ገባ። ስንጠይቅ «በሚቀጥለው ቅዳሜ» ይሉናል። አፕቲቲዩድ የሚሰጥበት ክፍል ደግሞ አንድ ቀን ቆሜ ቆጠርኩ፤ 74 ልጅ፣ በአንድ ዴስክ አራት። የኋለኛው ጽሑፉን ከጓደኛው ትከሻ በላይ ነው የሚያየው። ከሁሉ ያናደደኝ ሞዴል ፈተናቸው ነው። የልጄ ትምህርት ቤት በኦንላይን እንዲፈተን ተመድቦ ሳለ እነሱ እስከ መጨረሻው በወረቀት ብቻ ፈተኗት። ኮምፒውተሩን የተለማመደችው የአክስቷ ልጅ ጋ ሄዳ ነው። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን መግቢያ ፈተና እንደሚሰጡም ትንፍሽ ያለን የለም፤ የነገረን የጎረቤት ልጅ ነው። ኢንጂነሪንግ ለሚያልም ልጅ ይህ የመጀመሪያው ቀን መነገር የነበረበት ነገር ነው።

መስከረም 2018 ውጤት መጣ። በአገር ደረጃ ያለፈው 8.4 በመቶ ነው ሲባል ጉልበቴ ራደ። የሷ 352፦ ሒሳብ 71፣ ባዮሎጂ 68፣ ፊዚክስ 63፣ አፕቲቲዩድ 54፣ እንግሊዝኛ 50፣ ኬሚስትሪ 46። ቁጥሮቹን ከላይ ከጻፍኩት ጋር አስተያዩት።

ታናሽ ወንድሟ 10ኛ ክፍል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ናቹራል ወይ ሶሻል ብሎ ይመርጣል፤ ሶሻል ከገባ የኢንጂነሪንግ ነገር አበቃ። ከአሁኑ ለሒሳብና ለፊዚክስ እዚያው አስመዝግቤዋለሁ፤ ያቺን ክፍልፋይ የከበቡት መምህር እስካሉ ድረስ። ለኬሚስትሪ ሌላ ቤት እየፈለግኩ ነው፤ የምታውቁት ካለ ንገሩኝ፣ ብቻ መምህሩ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ይሁን።