ዊንዶውስ፣ ማክ ወይስ ሊኑክስ? በባሕር ዳር የሥራ ኮምፒውተር ለሚገዙ

ፖሊ ግቢ ተምሮ የቅየሳ ሥራ የጀመረ አንድ ወጣት በቅርቡ ወደ ማተሚያ ቤቴ ጎራ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ማክ ልግዛ ይሆን?» አለኝ። «ሥራህን በምንድን ነው የምትሠራው?» አልኩት። «በሲቪል ስሪዲ።» «እንግዲያውስ ምን ያማክርሃል?»

የቀያሾች፣ የመሐንዲሶችና የካርታ ሠሪዎች ፕሮግራሞች የሆኑት ሲቪል ስሪዲ፣ ሬቪት፣ ኢታብስና አርክጂአይኤስ ፕሮ የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። አውቶካድ ለማክም አለ፤ ሲቪል ስሪዲ ግን የለም። የማክ አምራች አፕል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ኮምፒውተሮቹን ወደ ራሱ ፕሮሰሰር ስላዞረ፣ በአዲሶቹ ማኮች ላይ ዊንዶውስን እንደ ድሮው በቀጥታ መጫን ቀርቷል። በሌላ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶ ማስኬድ ይቻላል፤ እንጀራው በዚያ ለሚጋገር ሰው ግን አልመክርም። ፒችትሪ የሚጠቀም የሒሳብ ባለሙያም ዕጣው ከቀያሹ ጋር አንድ ነው።

እኔ ዘንድ ሦስቱም አሉ። ብዙ ሥራ የሚሠራው ዊንዶውሱ ነው፤ ምክንያቱ ፍጥነት ሳይሆን ፊደል ነው። አንዲት እናት የልጃቸውን የሠርግ ጥሪ ካርድ በፍላሽ ይዘው መጥተው በማኩ ከፈትኩት። የሙሽሮቹ ስም ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ የላቲን ፊደልና የነጥብ ጥርቅም ተደርድሯል። ወይዘሮዋ ደነገጡ፤ ፋይሉ ግን አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ወንበሩን እንጂ የተቀመጠውን አያይም። በዊንዶውሱ ላይ እነዚያ አሮጌ ፎንቶች ሁሉ ስለተጫኑ ካርዱ ወዲያው ተነበበ። ፎንቶቹን በማክም መጫን ይቻላል፤ መጻፊያ ፕሮግራሞቹ ግን የዊንዶውስ ናቸው፣ በእነሱ የተጻፈ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤም ዛሬም በየቢሮው አለ። ኒያላ ወይም ኖቶ በሚባሉት የዩኒኮድ ፎንቶች የተጻፈ አዲስ ጽሑፍ ይህ ጣጣ የለበትም።

የዊንዶውስ ችግር ያለው ገበያው ላይ ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ስምንተኛውን ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡትን ብቻ ይቀበላል። ያገለገለ ኮምፒውተር ስትገዙ «ኮር አይ ፋይቭ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ምንም አይነግራችሁም። አስከፍታችሁ ቁጥሩን እዩ፦ 7500 ከሆነ ሰባተኛ ትውልድ ነው፣ 8500 ከሆነ ስምንተኛ። ሳጥናቸው ከውጭ ሲታይ አንድ ሊመስል ይችላል።

ማክን ግን ሳላመሰግን አላልፍም፤ ያውም በመብራት ምክንያት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣው ማክ ሚኒ ኤም 4፣ አፕል እንደሚለው፣ ሥራ ሲፈታ 4 ዋት፣ ቢበዛ ደግሞ 65 ዋት ነው የሚወስደው። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው አነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ባትሪ 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት፣ ማለትም 84 ዋት ሰዓት ነው። መብራት ሲሄድ ማኩና አንድ ስክሪን በዚህ ባትሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ያሠሩኛል። የግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት ትልቁ ሳጥን ግን ዩፒኤሱን ያስጮኸዋል፤ እኔም ሥራዬን አስቀምጬ ለመዝጋት እሯሯጣለሁ። ክረምት ላይ ከጣና በኩል ነጎድጓድ ሲነሣ ይህ ልዩነት በደንብ ይገባችኋል። የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ማክን እመርጣለሁ፤ ፋይናል ከት የሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያም በዊንዶውስና በሊኑክስ አይሠራም። ማክ ሚኒው አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ መነሻ ዋጋው 599 ዶላር ነበር፤ እዚህ የሚጠራውን ግን ስትሰሙ ቁጭ በሉ። ራሙ ኋላ አይጨመርም፤ ስትገዙ የወሰዳችሁት 16 ጊጋባይት እስከ መጨረሻው 16 ነው። የሆነ ነገር ቢቃጠልበትም ጎረቤት ያለው ጠጋኝ ከሳጥኑ ፓወር ሰፕላይ ፈትቶ እንደሚቀይረው አይቀይርላችሁም።

ሊኑክሱ በር አጠገብ የተቀመጠ አሮጌ ማሽን ነው፤ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጭኜበታለሁ። የደንበኛ ፍላሽ መጀመሪያ እሱ ጋ ይሰካል። አቃፊዎችን ደብቆ በቦታቸው አቋራጭ ብቻ የሚያሳየው ቫይረስ እዚህ ማሽን ላይ አይነሣም፤ የተደበቀውን አሳይ ስለው ፋይሉ እንዳለ ይወጣል። ለዚህ ብቻ እንኳ ቢሆን ወድጄዋለሁ። የካርታው ኪውጂአይኤስ፣ የስሪዲ ሥዕሉ ብሌንደርና የቢሮ ጽሑፉ ሊብሬኦፊስ በደንብ ይሠሩበታል፤ ድረ ገጽ ለሚሠራ ወይም ፕሮግራም ለሚጽፍ ወጣት የሚጎድለው ብዙ የለም። ፎቶሾፕ ግን አይገባበትም። ተጨማሪ ፕሮግራሞች የሚመጡለት በኢንተርኔት ስለሆነም፣ መስመር ደህና በሆነበት ቀን የምትፈልጉትን ሁሉ ጫኑ።

ወጣቱ ያገለገለ ዊንዶውስ ገዛ፤ 8500 ነው። ለማክ ካሰበው ብር በተረፈው ራም ጨመረበት፣ ዩፒኤስም ገዛ። ቁጥሩን ያየው ከፍሎ ሳይሆን ከመክፈሉ በፊት ነው፤ ሻጩ መጀመሪያ ያቀረበለት 7500 ነበር።