ዛንዚባር ወይስ ኢስታንቡል? ለጫጉላ ለምትጠይቁኝ ሁሉ

ጅማ ውስጥ ሠርግ የቆረጠ ሁሉ ይደውልልኛል። «አንተ ሄደህበታል፣ የቱ ይሻላል?» ሁለቱንም አይቻለሁ፣ አንዱ ላይ ደግሞ በደንብ ተበልቻለሁ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

እኔ ዛንዚባር ነኝ። ኢስታንቡል ታምራለች፣ አልክድም። ግን ብሩ! ታዋቂውን መስጊድ ሀጊያ ሶፊያን ለማየት ብቻ ለውጭ ጎብኚ 25 ዩሮ ነው፣ ለሁለት 50። ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሌላ ቲኬት። በር ባለፋችሁ ቁጥር ዩሮውን በብር ስታባዙ ትውላላችሁ፤ ባለቤቴ ሁለተኛው ቀን ላይ ስልኬን ቀማችኝ። ባሕሩንም ቢሆን ቦስፎረስን በጀልባ ታቋርጡታላችሁ እንጂ አሸዋ ላይ አትጋደሙበትም። ለደህና አሸዋማ ዳርቻ ሌላ በረራ ይዞ ደቡብ ቱርክ፣ አንታሊያ መውረድ ነው። በጥር ሠርግ ከሆነ ደግሞ እዚያ ብርድ ነው፣ በረዶም ሊጥል ይችላል።

ዛንዚባር ከተማውም ባሕሩም አንድ ደሴት ላይ ነው። ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 የዩኔስኮ ቅርስ ሆኗል። ሐረርን የሚያውቅ ሰው ጠባብ መንገዱ ውስጥ ሲገባ እንግዳነት አይሰማውም። የነሐስ ጉጥ ያለባቸውን የተቀረጹ በሮች እያዩ መዞር በነፃ ነው። ወጪው ሌላ ቦታ ይመጣል። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ለውጭ ጎብኚ የግዴታ የጉዞ መድን አለ፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። ለሁለት 88፣ ገና አልጋ ሳትይዙ። ሌላ መድን አለኝ ማለት አያድንም።

አሁን የተበላሁበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሄድነው ከፋሲካ በኋላ ነው። ትኬት የቆረጠልን ሰው «ዋጋው ወርዷል፣ ባሕሩ ደጃፋችሁ ላይ ነው» አለን። ለምን እንደወረደ አልጠየቅኩም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የእነሱ ትልቁ ዝናብ ነው። ከአምስት ቀን አራቱን ዘነበብን፤ ይህንንማ ጅማም አላጣሁት። ቦታው ምሥራቁ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ ነበር። ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ባሕሩ የለም! ሸሽቶ ሄዷል፣ ለካ እዚያ በየቀኑ እየሸሸ ነው የሚመለሰው፤ ጭቃው ላይ ሴቶች የባሕር አረም ይለቅማሉ። እኛ ደግሞ ባሕር ፊት ለፊት ላለ ክፍል ተጨማሪ ከፍለናል።

ስለዚህ ለጥር ሠርግ ዛንዚባር፣ ሁለት ሌሊት ስቶን ታውን፣ ቀሪውን ሰሜን ጫፍ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ። እዚያ ባሕሩ ያን ያህል አይሸሽም፣ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። ክፍሉ ወደድ ይላል፣ ግን ባሕር ላይገኝበት ርካሽ ከመክፈል ይሻላል። ሠርጋችሁ ከፋሲካ በኋላ ከሆነና ቀኑ የማይነቃነቅ ከሆነ፣ እሺ፣ ያኔ ኢስታንቡል ሂዱ።

ዛንዚባር ዕቃ ግዢ ላይ ደግሞ ዐይናችሁን ግለጡ። ሳፍሮን ብለው በትንሽ ዋጋ ያቀረቡልኝን ቀይ ነገር ገዝቼ መጣሁ። እናቴ አሸተተችውና «ይሄ የሱፍ አበባ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ቅርንፉዱ ግን እውነተኛ ነው፣ እሱን ግዙ። ኮረሪማ የጅማ ሰው ከውጭ አይገዛም።

ታንዛናይት የተባለ ሰማያዊ ፈርጥ ያለበት ቀለበትም ለባለቤቴ ገዛሁላት። አዲስ አበባ አንድ ወርቅ ቤት አሳየነው። ሰውየው መስኮቱ ጋ አዙሮ አዙሮ አየና ምንም ሳይል መለሰልን። ብርጭቆ ነው። እሷ ግን እስካሁን ሄርማታ ገበያ ስትወጣ ታደርገዋለች፤ ስንት እንደከፈልኩበት ለሚጠይቃት ሁሉም ትናገራለች።