«መስመሯ የወረቀቱ ናት ወይስ የእሳቸው?» (የአባቴን የቃኘው ፎቶ ላዳነችልኝ ልጅ ምስጋና)

ሰላም ለሁላችሁ። የምስጋና ጽሁፍ ጽፌ አላውቅም። ስሞታ ከሆነ ብዙ ጽፌአለሁ፣ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ዛሬ ግን አንዲት ልጅ ሳላመሰግን ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሥራዋ የድሮ ፎቶ ማደስ ነው። የተቀደደ፣ የደበዘዘ፣ እርጥበት የበላው ፎቶ ቤታችሁ ያለ ሰዎች፣ በተለይ የዘማች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ረዘመ ብላችሁ እንዳትተዉት።

ፎቶው የአባቴ ነው። አባባ በ1944 ዓ.ም. ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል። ለወጣቶቹ ልንገር፤ ቃኘው የራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው፣ ጃንሆይ የአባታቸውን የፈረስ ስም ነው ለሻለቃው ያወጡለት። የመጀመሪያው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ከጅቡቲ በመርከብ ተጭኖ ሄደ። ከዚያ አንዱ አንዱን እየተካ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሄደዋል። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። በ1945 ተኩስ ቆሞ ምርኮኛ ሲለዋወጡ ግን ከእኛ ሰው የሚመለስ ምርኮኛ አልነበረም፣ አንድም አልተማረከማ። ይህን የሰማሁት ከአባባ አይደለም። እሱ ስለ ውጊያው አያወራም ነበር። የሚያወራው ስለ ብርዱ ነው፤ ኮዳው ውስጥ ውሃው ድንጋይ ሆኖ እንዳደረ ሲነግረን እየሳቀ ነው። ለምን ሄድክ ሲባል ደግሞ «ጣልያን ሲመጣብን ዓለም ቁጭ ብሎ አየን። እኛም ቁጭ ብለን እንይ?» ይላል፣ አለቀ።

ፎቶው እንዴት ተበላሸ? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ደርግ ሲመጣ ወዳጃችን ሰሜን ኮሪያ ሆነች። ከደቡቡ ወግኖ የተዋጋ ሰው ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ማንጠልጠል ቀርቶ ዘምቼ ነበር ማለቱንም ተወው። እማዬ አንድ ማታ ፎቶውን ለአራት አጠፈችው፣ ሜዳሊያውን ጨመረች፣ በነጠላ ቁራጭ ጠቀለለችና ፍራሽ ውስጥ ከታ ሰፋችው። እኔና ወንድሜ ለዓመታት የተኛንበት ፍራሽ ነው። በ1977 ትግላችን ሐውልት ሲቆም (የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው የሠሩት) አባባ ሥራ የሚሄደው ሐውልቱ ባለበት በጥቁር አንበሳ በኩል ነበር። አንድ ቀን አብሬው ሳልፍ ባርኔጣውን ሲያወልቅ አየሁትና ገረመኝ። «ለወታደሩ ነው» አለኝ። ኦጋዴን ለወደቁት ማለቱ ነው። ስንት ዓመት የእሱን ዘመቻ እንዳላየ ላለፈ መንግሥት ሐውልት ባርኔጣ ማውለቅ! እኔ ብሆን አላወልቅም ነበር።

ፍራሹ የተፈታው በ1983 ነው። ፎቶው ሲዘረጋ መሃሉ ላይ መስቀል ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ አንደኛው ስንጥቅ ፊቱን አቋርጦ ያልፋል። አባባ አየት አደረገውና «እኔም እንደዚሁ ሆኛለሁ» ብሎ ሳጥን ውስጥ መለሰው። እሱ ካረፈ በኋላም እዚያው ቆየ። አምና አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሄጄ አንዲት ሴት የአባቷን ፎቶ በፍሬም ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ አየሁ። ባዶ እጄን መቆሜ አሳፈረኝ። በማግስቱ ሳጥኑን ከፈትኩ።

አሁን ወደ መራራው ልግባ። ስም አልጠራም፣ ሰፈርም አልጠቅስም፣ እንጀራቸው ነው።

የመጀመሪያው ፎቶ ቤት «ሁለት ሳምንት» ብሎ ሁለት ወር አመላለሰኝ። አንዴ መብራት የለም፣ አንዴ ሠራተኛው ለቅሶ ሄዷል። በመጨረሻ የሰጡኝ ምን ይመስላችኋል? ያንኑ ፎቶ፣ ካርቶን ላይ በኮላ ተለጥፎ! «እንዳይታጠፍ ብለን ነው» አሉኝ። ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ የደበዘዘ ነገር እንደነበረበት ትዝ ያለኝ ታክሲ ውስጥ ነው። ጽሁፉን እኔም በቅጡ አንብቤው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሁለተኛው ቤት ዘመናዊ ነው፣ ትልቅ ስክሪን፣ ማቀዝቀዣ፣ ቡና ሁሉ ይጋብዛሉ። «በከለር እናወጣልዎታለን» አሉ። ያወጡት ሰው ግን ማን እንደሆነ እነሱም አያውቁ። ፊቱ እንደ እንቁላል ለስልሷል፣ ከንፈሩ ቀልቷል፣ የለበሰው ደግሞ የዛሬ ወታደር የሚለብሰው ዥንጉርጉር ሆኗል። እማዬ ዘንድ ወሰድኩት። አንድ ዓይኗን ሞራ ይዞታል፤ ወደ ደህናው ዓይኗ አስጠግታ ቆየችና «የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ!

ሦስተኛው የገዛ ልጄ ነው፣ እሱንስ ስም ባልጠራውም ታውቁታላችሁ። ስልኩ ላይ ባለ አፕ አባባን ዓይኑን እያርገበገበ እንዲስቅ አደረገው። አባባ በሕይወቱ እንደዚያ ጥርሱን አሳይቶ ስቆ አያውቅም። «አጥፋው» አልኩት፣ አጠፋው።

እንግዲህ ተስፋ ቆርጬ ሳለ ነው አንድ ጎረቤቴ ስለዚች ልጅ የነገረኝ። አንዲት ጠባብ ክፍል ነች። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ አንድ ኮምፒውተር። ፎቶውን ስሰጣት መጀመሪያ እጇን ታጥባ መጣች። እኔ ልጅ እያለሁ እጅ የሚታጠበው ለምግብና ለመጽሐፍ ነበር፣ ለፎቶ ሲታጠብ ያን ቀን አየሁ። ካርቶኑን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ግን «ማነው እንዲህ ያደረገው?» አላለችም። እኔው ነኝ ስማቸውን ስጠራ የዋልኩት። «ጋሼ፣ ይተዉት፣ እናየዋለን» አለችኝ።

ከዚያ ማጉያ መነጽር ነገር አወጣችና ፊቱን ታይ ጀመር። ዝም ብላ ቆየች፣ ቆየች። በመጨረሻ የጠየቀችኝን ጥያቄ እስክሞት አልረሳውም፦

«ጋሼ፣ እዚህ አገጫቸው ጋ ሁለት መስመር አለ። ይሄኛው የመታጠፊያው ነው። ይቺኛዋ ግን አጠር ብላ ትጎብጣለች። የወረቀቱ ናት ወይስ የእሳቸው?»

የእሱ ናት! በግራ አገጩ ላይ የፍንጣሪ ጠባሳ ነበረው። ልጅ ሆኜ ሲያቅፈኝ በጣቴ እየተከተልኩ የምጫወትባት ጠባሳ። ሁለተኛው ቤት ከስንጥቁ ጋር ጠራርጎ ያጠፋት እሷን ነበር፣ እማዬ ባሏን ያጣችው ለዚህ ነበር። እኔ ራሴ ምን እንደጎደለ አላወቅሁትም ነበር እኮ! የሆነ ነገር ልክ አይደለም እላለሁ እንጂ። ይቺ ልጅ አባባን አይታው አታውቅም፣ ግን ቁስሉን ከወረቀቱ ስንጥቅ ለይታ አወቀችለት። እዚያው ወንበሩ ላይ ዓይኔ ሞላ፣ አላፍርም።

ትከሻው ላይ ያለውንም ክብ ነገር እኛ ሁላችን የሻጋታ ነጠብጣብ ነው ያልነው። እሷ አጉልታ አሳየችኝ፣ መሃሉ ላይ የአሸዋ ሰዓት ቅርጽ አለው። «እድፍ እንዲህ እኩል አይሆንም» አለች፣ አልነካችውም። በሁለተኛ ቀን ደውላ የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት መሆኑን ነገረችኝ። ቃኘው የተዋጋው ከዚያ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ ነው። ይህን ያህል ታሪክ ፍለጋ መሄድ ሥራዋ ነው እንዴ? ማንም አላስገደዳትም።

ካርቶኑን በምን እንዳላቀቀችው አትጠይቁኝ። እርጥበት አለች፣ ቀናት ይፈጃል አለች፣ እየደወለች «እስከ እዚህ ደርሷል» ትለኛለች፣ እኔ እሺ እላለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የሠራችውንም አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው። ቀለም ቀቢልኝ ስላት «ጋሼ፣ ቀለሙን አላየሁትማ፣ እንዴት ልቀባው?» አለች። ጥቁርና ነጭ ነው የመጣው፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነው የወጣው።

ለመውሰድ ስሄድ መጀመሪያ ያሳየችኝ ፊቱን አይደለም፣ ጀርባውን ነው። ማኅተሙን እኛ የኮሪያ ጽሁፍ ነው ስንል ኖረናል። ለካ የጃፓን ፎቶ ቤት ነው፣ የሚያነብ ሰው ፈልጋ አስነብባዋለች። ለእረፍት ጃፓን ይልኳቸው ነበርና እዚያ የተነሳው መሆኑ ነው። ከማኅተሙ ሥር በእርሳስ የተጻፈውን ደግሞ መብራቱን ከጎን እያበራች አንስታ፣ አጉልታ ለብቻው አትማልኛለች። የአባባ እጅ ጽሁፍ፣ ወደ ቀኝ የተጋደመው። ለአያቴ የላከው ነው።

«እናቴ ሆይ ደህና ነኝ። ፊቴን አይተሽ አትደንግጪ፣ ድኗል። ጥር 1945።»

እኔ ስልሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። ያቺን ወረቀት ይዤ መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እናቱ እንዳትደነግጥ ብሎ ሰው አገር ሆኖ የጻፈላትን ጠባሳ፣ ገንዘብ ከፍዬ ላስጠፋው ነበር!

እማዬ ቤት ልጅቷ ራሷ አብራኝ መጣች፣ ልምጣ ያለችው እሷ ናት። «እማማ፣ እንዴት ነዎት» ብላ ጉልበቷን ሳመቻትና ፎቶውን በደህናው ዓይኗ በኩል ያዘችላት። ትልቅ አድርጋ ነው ያተመችው፣ ሞራ አለባቸው ብዬ ስነግራት ሰምታ ኖሯል። እማዬ ከላይ ጀመረች፣ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ ወረደች። አገጩ ጋ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችና ቆመች። «እቺ አለች» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አሁን የት እንደብቀው?»

ሳሎን ተሰቅሏል እማዬ። ማንም አይመጣም።

ሜዳሊያውንም ለልጅቷ አሳየናት። አብረቅርቄ ልስጥህ ያለኝ ሰው ነበረ፣ እሷ ግን በሎሚም በአመድም እንዳታሹት ብላ ከለከለችን። በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጠራርጋ ገለበጠችው፤ ከኋላው ያለው ጽሁፍ በአማርኛ ነው! የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ በአማርኛ የተጻፈበት፣ እኛ ቤት ስንት ዘመን ሰማያዊና ነጭ ጥብጣቡን ብቻ ስናይ ኖረን።

የጠየቀችኝ ሂሳብ ሁለተኛው ቤት ከወሰደብኝ ግማሽ አይሞላም። ልጨምርላት ብል «ጋሼ፣ ሂሳቡ ሂሳብ ነው» ብላ መለሰችልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እጅሽ አይንጠፍ።

እባካችሁ ወደ እሷ ሂዱ። የኮሪያም ይሁን፣ የኮንጎም ይሁን፣ የካራማራም ይሁን፣ አባታችሁ ወይ አያታችሁ የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሳው ፎቶ ሳጥን ውስጥ እየበሰበሰ ከሆነ አውጡት። ስሟንና ስልኳን እዚህ አላወጣም፣ ብቻዋን ስለምትሠራ መአት ሰው እንዳይደውልባት ለምናኛለች። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለእያንዳንዱ እሰጣለሁ። ትንሽ ወረፋ አለ፣ ታገሱ፣ ዋጋ አለው።

ስትሄዱ ዋናውን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልክ ያነሳችሁትን አትቀበልም። አጥፋችሁ አትያዙት፣ ፕላስቲክ አታስለብሱት፣ ኮላ የሚባል ነገር አታስነኩት። እኔ አሁን አክስቴ አደራ ያለችኝን የወንድሟን ፎቶ በሁለት ወፍራም ወረቀት መሃል አድርጌ፣ ጀርባውን ቀድሜ አንብቤ ነው የምወስደው። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ።